የጦስኝ ዘይትና የተዘጋ በር

ላስ ቬጋስ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለባዘዘው፣ የአክስቴ ልጅ የብርቅታይት ልጅ፤

ጤናህ እንደ ጣርማ በር ቋጥኝ ይጽና። የእናትህን ጉልበት በሩቁ ስሜአለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ግን የሰው አይደለም፣ የምጣድ ነው።

እኔ ፊደል እንደማልቆጥር ታውቃለህ። ጽሑፉ የልጄ የሰርፀ ነው፣ ቃሉ የኔ ነው። እናንተ በቴሌግራም ቀኑን ሙሉ ትጻጻፋላችሁ፤ እኔ ግን በስልክ የተወራ ነገር አይጥመኝም፣ ነፋስ ይበላዋል። በወረቀት አስጽፋለሁ፣ እሱ ፎቶ አንስቶ ይልክልሃል። አንተም እንደዚያው አድርግ፤ ሁለት ጊዜ እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ።

ካዚኖው መጋቢት ላይ ተዘግቶ ግንቦት መጨረሻ ላይ ተከፈተ። ሰርፀን አልጠሩትም። አሥራ አንድ ዓመት ካርታ ያደለ ሰው «ስልክ እንደውላለን» ተብሎ ቤቱ ተቀምጧል። የምግብ ካርቶን የሚታደልበት ቦታ አለ፣ መኪናው ዐይን እስኪያልፍ ይሰለፋል። የዘውገ ልጅ ሰልፍ አይቆምም አልኩ። አልቆመምም።

ስለዚህ ሙያዬን አወጣሁት። ደብረ ሲና ሠላሳ ዓመት አረቄ ሳወጣ «የሴት ሥራ ይዟል» ብለው የሳቁብኝ ሁሉ ደጄን ሲያንኳኩ ነው የኖሩት። ሰው በዚህ በሽታ ምክንያት ጦስኝ ጦስኝ ይላል፣ ሻዩንም ዘይቱንም ይፈልጋል። ከቤቱ የመኪና ማቆሚያ ክፍል ውስጥ በርሜል ጣድን፣ ቧንቧ ገጠምን፣ ውሃ አፈላን። ሁለት ኪሎ ደረቅ ጦስኝ ቀቅለን የወጣው ሁለት ማንኪያ ዘይት ነው። ሽታው ግን እዚያው ተራራው ላይ የቆምክ ያስመስልሃል።

ሰርፀ ሁለት ማንኪያ አነሰው። ቅጠሉን በውሃ ፋንታ ዘይቱን ስቦ በሚያወጣ ፈሳሽ ብንዘፈዝፈው፣ ከዚያ ፈሳሹን አትንነን ብናስወጣው፣ እጥፍ ይሆናል ይላል። አሟሚ ነው ስሙ አለኝ። ለኔ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ። ግድ የለም አልኩት። ፈሳሽ ሁሉ ይፈላል፣ የፈላ ይተናል፣ የተነነ ሲቀዘቅዝ ይንጠባጠባል። ይህን እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው?

(ወንድሜ፣ ሰርፀ ነኝ። እዚህ ላይ ስስቅ አባባ «ጻፍ እንጂ ምን ያስገለፍጥሃል» ብሎ ጀርባዬን መታኝ። ትናንት የበርሜሉን ክዳን በጄሶ ልመርግ ብዬ ሊገለኝ ነበር፣ ሊጥ አቡኩቶ መረገው። ጎረቤቶቼ ዳቦ የምንጋግር መስሏቸዋል።)

አንተም በርሜል መጣድህን ሰርፀ ነግሮኛል። ስማ። መጋጠሚያውን በሊጥ ብቻ ምረግ። እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ሊጡ ይፈነዳል እንጂ በርሜሉ አይፈነዳም። ማቀዝቀዣው ውሃ እንዳይሞቅ ቶሎ ቶሎ ቀይር። በሩንም ዝጋ። ነፋስ ከገባ እሳቱ ያብዳል፣ ያየው ሰው ዐይኑ ካልቀና ደግሞ ሳይወርድ ይቀራል። በኔ ቤት አረቄ ሲወርድ በር ተከፍቶ አያውቅም።

ደረቅ ጦስኝ በሰው ላክልን፤ የአዲስ አበባው ገለባ ይበዛበታል።

ዘመድህ ዘውገ፣ በልጁ እጅ።

---

ደብረ ሲና፣ ነሐሴ 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዘውገ፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፣ የሚያሞቁትን ጎጆ ያሙቅልዎ። እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን። እናቴ ደብዳቤውን ስማ፣ ሁለት ጊዜ አስነብባ «ዘውገ አሁንም ይጮኻል፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው» አለች።

ሎጁ ከተዘጋ ወዲህ ቱሪስት የሚባል ፍጡር አላየሁም። መኪናውንም ባለቤቱ ወሰደው። እንደ እርስዎ በርሜል ጣድኩ፣ በሊጥ መረግሁ። መጀመሪያ ቀን ሊጡ ተተርትሮ ፊቴ ላይ አረፈ። እናቴ እስካሁን ትስቃለች። ሳስበው ግን ልክ ነዎት፤ የፈነዳው በርሜሉ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምታስጽፈው እሷ ነበረች።

ስምንት ኪሎ ጦስኝ በሻንጣ አስሬ ላክሁ። መንገደኛዋ ቪዛዋ እንዳለቀላት ትነሣለች፣ ምናልባት መስከረም። የለቀምኩት ከላይ ከገደሉ አፋፍ ነው፣ አበባው ሳይረግፍ።

አንድ ነገር እለምናለሁ፤ የሙቀት መለኪያ ቢልኩልኝ። ሰርፀ ቃል ገብቶልኛል። ስለ አሟሚው የጀመረውንም በየቀኑ ይንገረኝ፤ ከተሳካለት እኔም እከተለዋለሁ። ያጠባችን አንዲት ሴት ናት፤ ሀብታችንም አንድ ይሁን ብያለሁ።

እናቴ «ሰርፀን ፀሐይ ላይ ኮፍያ አድርግ በለው፣ ራሱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያመዋል» ብላለች።

ልጅዎ ባዘዘው።

---

ላስ ቬጋስ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለባዘዘው፤

እንደምን ከርመሃል። እናትህ እንደምን ናት። አዲሱ ዓመት ለእናንተ የጥጋብ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ እጄን ትንሽ አሞኝ ነበር፣ ድኗል።

መልስ ዘገየ። ቤት ቀይረናል። አሁን ሜሪላንድ ፓርክዌይ ከሚባለው መንገድ፣ ከፋናዬ ዘንድ ነኝ። ፋናዬ የአምቦ ልጅ ናት፣ ትልቅ ሆቴል አልጋ ታነጥፍ ነበር፣ እሷንም አልጠሯትም። ይህን የምትጽፈው እሷ ናት። ሰርፀ ሥራ ስለሚበዛበት ነው።

ሻንጣው መስከረም ላይ ደርሷል። እንደታሰረ አለ። አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

የሙቀት መለኪያውን ፋናዬ በመንገደኛ ትልክልሃለች።

የምታወጣበት ክፍል ምን ያህል ነው? መስኮት አለው? ወለሉ አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ? በአጠገቡ ሌላ እሳት አለ? ለዚህ መልስ ስጠኝ።

በውሃ ብቻ አውጣ። የሚወጣው ሁለት ማንኪያም ቢሆን ሁለት ማንኪያ ነው።

ሌላ ልመና አለኝ። እናትህ ዘንድ ሰርፀ የሰባት ዓመት ልጅ እያለ ባዛር ላይ የተነሣው ፎቶ አለ፣ ነጭ ካልሲ አድርጎ። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ለምን እንዳትለኝ።

ዘውገ።

---

ደብረ ሲና፣ ኅዳር 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዘውገ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እጅዎንም ፈጣሪ ይማርልዎ። ለእትዬ ፋናዬም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፣ ጽሕፈቷ እንደ ታተመ ነው።

ፎቶውን ልኬያለሁ። እናቴ ከሣጥኗ ስታወጣው አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ልጁ አሜሪካ እያለ የልጅነት ፎቶውን ምን ሊያደርግለት ነው?» አለችኝ። እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ለሰርፀ በቴሌግራም ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እጽፍለታለሁ፣ አንዱንም አላነበበውም። አስቀይሜው ከሆነ ይንገረኝ። እናቴ ለእንቁጣጣሽ ድምፁን ስላልሰማች ተከፍታለች። በየዓመቱ ይደውልላት ነበር። አንድ ደቂቃ ይበቃታል።

ስለ ክፍሉ ለጠየቁኝ፣ የአባቴ የእህል ጎተራ የነበረው ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው።

አሁን ደስ የሚል ወሬ ልንገርዎ። ተፈሪ የሚባል ሰው ተዋወቅሁ፣ አዲስ አበባ ለላቦራቶሪ ዕቃ ያቀርባል። ሄክሳን የሚባለውን አሟሚ በሃያ ሊትር ጀሪካን ሊሰጠኝ ተስማማን። ቅጠሉን ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ ፈሳሹን በዝግታ ማትነን ነው፣ ዘይቱ ከታች ይቀራል። የሙቀት መለኪያው አልደረሰኝም፣ ግን በዘዴ ይሆናል ብሏል። ሰርፀ እስካሁን ዘዴውን አውቆታልና እንዴት እንዳደረገው ቢነግሩኝ ከስሕተት እድናለሁ።

ልጅዎ ባዘዘው።

---

ላስ ቬጋስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለባዘዘው፤

ሰላም ለቤትህ። ፎቶው ደርሶኛል። ፋናዬ በትልቁ አሳትማ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ሰርፀ ደህና ነው። አልተቀየመህም።

ጀሪካኑን አትቀበል። ተቀብለህ ከሆነ መልስ። ክዳኑን አትክፈት።

ምክንያት ትፈልግ ይሆናል። የአረቄ እንፋሎት ሲያመልጥ አፍንጫህ ይነግርሃል፣ ዐይንህ ያያል፣ ወደ ላይ ይሄዳል። ይኼኛው አይታይም። ከአየር ይከብዳል። ወደ ታች ወርዶ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለሉን ይዞ ይሄዳል፣ ጥግ ፈልጎ ይተኛል። እሳት የግድ አጠገቡ መሆን አያስፈልገውም፤ እሱ ራሱ እሳቱ ያለበት ድረስ ይሄዳል። የመብራት ማብሪያ ብትነካ የምትዘለው ብልጭታ ትበቃዋለች። ሳይጫር የሚነድ ነገር ነው። ደግሞም ሁሉም ተንኖ አያልቅም፣ ከዘይቱ ጋር ይቀራል። ሰው ለልጁ ደረት የሚቀባውን፣ ከሻይ ጋር የሚጠጣውን ነው የምትሸጠው።

ይህን የነገረኝ የተማረ ሰው ነው። ስሙን አትጠይቀኝ።

በውሃ አውጣ።

ዘውገ።

---

ደብረ ሲና፣ ጥር 21 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዘውገ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጥምቀት በሰላም አለፈ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ አንድ ወር ከግማሽ ሆነኝ። ያልመለስኩት ተከፍቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና ልናገር። ሐምሌ ላይ «ፈሳሽ ሁሉ ይፈላል፣ ግድ የለም» ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ለሰርፀ ግድ ያልነበረው ለኔ ሲሆን መርዝ ሆነ። ቤት ቀየራችሁ። ሥራ በዛበት አሉኝ። ስልክ አያነሣም። ተሳክቶላችኋል፣ እኔም እንደዚያው ነው የተረዳሁት። ጡት ተጋራን እንጂ አባት አልተጋራንም፤ ገብቶኛል።

እኔ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሎጁም አልተከፈተም። ጀሪካኑ መጥቷል።

አይስጉ፤ ያስተማሩኝን አልረሳሁም። እሳት አላነድም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቻለሁ። ነፋስ እንዳይገባ መስኮቷን በጭቃ መረግኋት። በሩንም እንዳሉኝ ከውስጥ ዘግቼ ነው የምሠራው፣ የሰው ዐይን እንዳያርፍበት። ሰኞ የካቲት 1 ቀን እጀምራለሁ። እናቴ አጠገቤ ሆና ቅጠሉን ልታቀብለኝ ነው፣ ካልሠራሁ ብላ።

ይመርቁኝ።

ባዘዘው።

---

ላስ ቬጋስ፣ ጥር 23 ቀን 2013 ዓ.ም.

ባዘዘው፤

ዛሬ ሰላምታ የለም። እናትህ አጠገብህ ካለች ተነሥተህ ውጣ። ይህን ብቻህን አንብብ። ጮክ ብለህ አታንብብ።

ሰርፀ ሞቷል። ጳጉሜን 1 ቀን ነው የሞተው። ተቀብሯል።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ቄስ ባለበት ነው። መርዶ የሚነግር ዘመድ ከዚህ ወደዚያ የሚመጣ አልነበረም፣ በሽታው መንገዱን ዘግቶታል። እኔም ሰው እስኪገኝ ብዬ አምስት ወር ዋሸሁህ። ዛሬ የምነግርህ ከመርዶው ወግ ያንተ ነፍስ ስለሚበልጥብኝ ነው።

ነሐሴ 12 ቀን ነው። ቀትር ላይ ነው። በዚያን ቀን አስፋልቱ ጫማ ይይዝ ነበር። እዚህ ያ ፈሳሽ ምድጃ አያስፈልገውም፣ ክዳኑን ከከፈትክለት በራሱ ይሄዳል። ሰርፀ ያውቃል፣ አንብቧል። የመኪና ማቆሚያውን ትልቅ በር እስከ ላይ ከፈተ። የነፋስ ማራገቢያ ወደ ውጭ አዙሮ አቆመ። እሳት አልነበረም፣ ሳህኑን በሙቅ ውሃ ላይ ነው ያስቀመጠው፣ ውሃውን ከወጥ ቤት በማንቆርቆሪያ ያመላልሳል። «አባባ፣ በሩን እንዳይነኩት» አለኝ። እሺ አልኩት።

እኔ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር ይዤ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ጎረቤት ውሻዋን ይዛ መጣች። ቆመች። ቀጥ ብላ ሳህኑን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ሰላምታም አልሰጠችኝም። ማራገቢያው ደግሞ ይጮኻል። ሠላሳ ዓመት አንድም ባዳ ዐይን ሥራዬ ላይ አላረፈም። ከግድግዳው ላይ አንድ ቁልፍ አለ፣ ስትጫነው ትልቁ በር ይወርዳል። ተነሥቼ ተጫንኩት።

በሩ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። ሰርፀ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ አድርጓል። ጨለማ ሲሆን ነው ዞሮ ያየኝ። «አባባ፣ ይክፈቱት» አለ። አልጮኸም። የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ጠፋኝ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ የመብራት ነው።

ጥግ ላይ የቤቱ የውሃ ማሞቂያ አለ። እግሩ ሥር ጥፍር የምታክል ሰማያዊ እሳት ሌት ተቀን ትነዳለች። ስድስት ዓመት አይቻታለሁ። ማንንም አስቸግራ አታውቅም። ከኛ እስከ እሷ ድረስ አሥር እርምጃ ነው። እንፋሎቱ ሄደላት።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ሰማያዊ ነገር ወለሉን ይዞ ሲመጣ አየሁ፣ ከዚያ ሰርፀን አየሁ። በጃኬቴ አፈንኩት። ቀኝ እጄ የተቃጠለው ያኔ ነው። ሳህኑ እንኳ አልተሰበረም። ዕቃው ሁሉ ደህና ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛ። በበሽታው ምክንያት ማንንም አያስገቡም። ነርሷ ስልኳን ፊቱ ላይ ትይዝልኛለች፣ እኔ ከመኪና ውስጥ ሆኜ አያለሁ። ፊቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አንድ ቀን ብቻ ተናገረ። «እትዬ ብርቅታይት እንዳትሰማ» አለ። እናትህን ነው። ሲቀበር አሥር ሰው ብቻ ነው የተፈቀደው፣ ስምንት መጣ።

ስለ እንፋሎቱ የነገረኝ የእሳት አደጋ መርማሪው ነው። ፋናዬ አስተረጎመችልኝ። በሩን ማን ዘጋው ብሎ ጠየቀኝ። ሰርፀ ራሱ ዘጋው አልኩ። ለቤተ ክርስቲያኑም ሰው፣ ለፋናዬም እንደዚያ አልኩ።

አሁን ፋናዬ ብዕሯን አስቀምጣ እያየችኝ ነው። ጻፊ አልኳት።

አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምግብ ይቀርባል፣ እበላለሁ። ይመሻል፣ እተኛለሁ።

አንተ በሩን የምትዘጋው እኔ ዝጋ ስላልኩህ ነው። እናትህ አጠገብህ ልትቀመጥ ነው። ሐምሌ ላይ ያልኩህን ሁሉ ከሊጡ በቀር ሠርዘው። ስሕተት ነው። አዋቂ ነኝ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ የማውቀው የራሴን አረቄ ብቻ ነበር።

እንዲህ አድርግ። የኤሌክትሪኩን ምድጃ ከሶኬት አውጣ፣ ያ የሚቀላው ሽቦ እሳት ነው። ይህንም ስታደርግ ጀሪካኑ እንደተከደነ መሆኑን አስቀድመህ እይ። ጭቃውን ከመስኮቷ አፍርስ። ጀሪካኑን ሳትከፍት፣ ጥላ ለጥላ፣ ለተፈሪ መልስ። አልቀበልም ካለህ ሜዳ ላይ እንዳትደፋው፣ የሚያውቅ ሰው ፈልገህ ስጥ። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገቡ አይቁም። ከዚያ በርሜልህን ጥደህ፣ በሊጥ መርገህ፣ ውሃ አፍላ። በሩ ይከፈት። የፈለገ ይየው።

መርዶውን አንተ አስነግር። ለየሺዋስ ንገረው፣ ከሰፈሩ ሽማግሌ እሱ ይችላል። ከማለዳው በፊት እንዳትሰማ። ስትሰማ ያዛት፣ ወደ ኋላ ትወድቃለች። የሰርፀ እናት ስትሞትም እንደዚያ ነበር የወደቀችው።

በሩን የዘጋሁት እኔ መሆኔንም ይንገሯት። እንዳትደብቃት።

ዘውገ።

---

ደብረ ሲና፣ የካቲት 1 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለጋሼ ዘውገ፤

እግዚአብሔር ያጥናዎ።

ደብዳቤው የደረሰኝ ገበያ ቆሜ ነው። አንብቤ እዚያው የሽንኩርት ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሽንኩርቷ «ተነሥ፣ ታደቅብኛለህ» እያለች ትጮህብኛለች፣ እኔ ደብዳቤውን እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

የላኩልኝን አደረግሁ። ምድጃውን ነቀልኩ። ተፈሪ ጀሪካኑን አልቀበልም ብሎ አንገራገረ፤ ደብዳቤዎን አነበብኩለት፣ ወሰደው።

መርዶውን ዓርብ ማለዳ ጋሽ የሺዋስ ከሰባት ሰው ጋር መጥቶ ነገራት። በሩን ስትከፍት ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበርና ሳይናገሩ አወቀች። «ሰርፀዬ ነው?» አለች። አዎ አሉ። ወደ ኋላ ወደቀች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ስትነቃ ያጠባችበትን ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ «ድምፁን ሲከለክሉኝ አውቄው ነበር» አለች።

ስለ በሩም ነገርኳት፤ አልደበቅሁም። ከዚያ እንዲህ ጻፍለት አለችኝ፣ ቃሏ ነው፦ «ዘውገ፣ እኔም እዚያ ቆሜ ቢሆን እዘጋው ነበር። እኛ ቤት እንዲህ ነው የተማርነው። አንተ ብቻህን አልዘጋኸውም። ብላ ሲሉህ ብላ። አልቅስ ግን።»

ዛሬ ልጀምር ያልኩበት ሰኞ ነው። ሰው ከጣርማ በር፣ ከአርማንያ ሳይቀር መጣ፤ ድንኳኑ ሞላ፣ አግዳሚ ወንበር አነሰ። የጎተራውን በር ከነማጠፊያው ነቅዬ በአራት ድንጋይ ላይ አጋደምኩት። ስድስት ሽማግሌ ተቀምጦበታል። ይህን የምጽፈው ከጎናቸው ሆኜ ነው።

ያልኩዎትን ክፉ ቃል ይርሱልኝ። ጡትም አባትም ተጋርተናል።

ልጅዎ ባዘዘው።

---

ላስ ቬጋስ፣ የካቲት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለባዘዘው ልጄ፤

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለብርቅታይት። ቃሏ ደርሶኛል። ፋናዬ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ።

መርማሪው ዘንድ ፋናዬ ደውላ ነበር። በሩን ማን እንደዘጋው ነገርኩት። ጻፈውና አመሰገነኝ።

ዛሬ ሻንጣህን ፈታሁት። ጦስኙ እንዳለ ነው፣ አልሻገተም። ከፋናዬ ምድጃ ላይ ውሃ ጣድኩ፣ አንድ እፍኝ ጨመርኩበት። ክዳን አልከደንኩም፣ ቧንቧም አልገጠምኩም። መስኮቱንም በሩንም ከፈትኩ። የጎረቤት ሴቶች በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆመው አዩት። ይዩት። ሽታው ወጣ፣ ቤቱን ሞላ፣ ሄደ። አንድም ጠብታ አልያዝኩም። ከዚያ ተቀመጥኩ፣ ፋናዬም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችልኝ።

ለቀስተኛው ሲበተን በሩን መልሰህ አትግጠመው።

ዘውገ።